መልስ፦ የአያቶቼን ታሪክ ከጦርነቱ ልጀምር ወይስ ከሽመናው?

ጤና ይስጥልኝ። ሽሮ ሜዳ ሸማኔ የነበሩት ወንድ አያትዎ ከሴት አያትዎ ጋር ተዋደው፣ የጣሊያንን ዘመን አልፈው የሸማ ሱቅ ያቆሙበትን ታሪክ ከየት እንደሚጀምሩ ጠይቀዋል። እኔ ከእንዝርቱ ይጀምሩ እላለሁ። በሙያው ልማድ ፈታይዋ ሴት፣ ሸማኔው ወንድ ስለነበረ፣ ሴት አያትዎ የፈተሉትን ማግ ወንድ አያትዎ በመወርወሪያ ሲያመላልሱት ፍቅሩም ንግዱም ከአንድ ቤት ይነሳል።

ጦርነቱ በራሱ ጊዜ ይመጣል። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በጣሊያኑ እንደራሴ በግራዚያኒ ላይ ቦምብ የተወረወረበት የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት (ዛሬ የስድስት ኪሎው ዩኒቨርሲቲ) ከሽሮ ሜዳ ቁልቁል በእግር የሚደረስበት ስለሆነ፣ ከዚያ በኋላ በነበሩት ሦስት የጭፍጨፋ ቀናት የሚቃጠሉትን ቤቶች ጭስ ከደጃፋቸው ቢያዩ አንባቢ አይጠራጠርም።

ረቂቅዎ ላይ ግን አንድ የሚያጠራጥር ነገር አለ፦ ሴት አያትዎ በ1930 ዓ.ም. የአፄ ኃይለ ሥላሴ ምስል ያለበትን ብር ኖት በማሰሮ ይቀብራሉ። በሰፊው የሚታወቀው እንዲህ ያለ ኖት የወጣው ከነጻነት በኋላ፣ በ1937 ዓ.ም. ነው። ጣሊያን ሊሬ ቢያስገባም ገበያው ያመነው ጠገራ ብርን (የማሪያ ቴሬዛን የብር ሳንቲም) ነበርና፣ ማሰሮው ውስጥ እርሱን ይክተቱት፤ ሲቆፈርም ይጮኻል።