የእህትሽ ገንዘብና የጥናት ርዕስሽ

ውድ ጠያቂዬ፣

ደሴ ላይ በሶሺዮሎጂ ሁለተኛ ዲግሪሽን እየተማርሽ ነው። ከባቲ ወደ ሳዑዲ ዓረቢያ የሄዱ ሰዎች ከአገር ቤት ጋር ያላቸውን ትስስር በማኅበራዊ መረብ ትንተና፣ ማለትም ማን ከማን ጋር በምን እንደሚገናኝ በሚመረምር ዘዴ፣ ማጥናት ትፈልጊያለሽ። ወጪሽን የምትሸፍነው ሪያድ ያለችው እህትሽ ስለሆነች ግን አባትሽ «በእሷ ላብ ማን ለማን እንደሚደውል ልትቆጥሪ ነው?» ብለው ወደ ሒሳብ ሥራ እንድትዞሪ ጠይቀውሻል።

አባትሽን አከብራለሁ፤ በዚህ ግን ተሳስተዋል። የእህትሽ ድካም ትምህርትሽን በቁም ነገር እንድትይዢ ያስገድድሻል እንጂ ርዕስሽን አይመርጥልሽም። ማን ለማን እንደሚደውል ማወቅም ቀላል ነገር አይደለም። እኔ ወደ ምክር ሥራ ከመግባቴ በፊት ስድስት ዓመት መረጃ ሰብሳቢ ነበርኩ፤ ከቃሉ እስከ ራያ ቆቦ ቤት ለቤት እየዞርኩ «ውጭ አገር ስንት ቤተሰብ አለዎት?» ብዬ ቁጥሩን ሞልቼ አልፍ ነበር። ሁለት ቤቶች «ሦስት» ብለው ይመልሳሉ። የአንደኛው ቤት ሦስት ልጆች በየፊናቸው ሥራ ያገኙና በየራሳቸው የሚልኩ ሲሆኑ፣ የሌላኛው ሦስቱም ሥራ ያገኙት፣ ገንዘብ የሚልኩትም በአንድ አጎት በኩል ነው። ከኅዳር 2006 ዓ.ም. ጀምሮ በጥቂት ወራት ከ150,000 በላይ ኢትዮጵያውያን ከሳዑዲ ዓረቢያ ሲመለሱ እንደሆነው፣ ያ አጎት ቢመለስ የሁለተኛው ቤት ገቢ ባንድ ቀን ይቋረጣል። በእኔ ቅጽ ላይ ግን ሁለቱ ቤቶች እኩል ነበሩ፤ ይህ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ስለዚህ መጠይቅሽ ስም ይጠይቅ፦ ለመንገዱ ማን አበደረዎት፣ ሥራ መኖሩን ማን ነገረዎት፣ ሲጨንቅዎት ለማን ይደውላሉ? አሜሪካዊው የሶሺዮሎጂ ምሁር ማርክ ግራኖቬተር በ1973 እ.ኤ.አ. እንዳሳየው የሥራ ወሬ ብዙ ጊዜ የሚደርሰን አልፎ አልፎ ከምናገኘው ሰው ነውና በቅርብ ዘመድ ላይ አትወሰኚ። ከዚያ እያንዳንዱ ሰው የት እንደሚኖርና ገንዘቡ ከማን ወደ ማን እንደሚሄድ፣ በመጨረሻም የተጠሩት ሰዎች እርስ በርስ ይተዋወቁ እንደሆነ ጠይቂ። የመጨረሻው ጥያቄ አድካሚ ነው፤ ያለ እሱ ግን የአጎቱን ቤት ከሌላው አትለዪውም። ስሞቹን በመለያ ቁጥር ተኪ፤ የደላላ ወይም የመኖሪያ ፈቃድ የሌለው ሰው ስም ሌላ እጅ ቢገባ ሕይወት ያበላሻል።

የመረቡን ስሌት አትፍሪው፤ አር (R) የተባለው ነፃ ሶፍትዌር ያሰላልሻል። ስለ ሥራ ደግሞ፣ መጠይቅ መቅረጽና መረጃ ማጥራት የምትችል ተመራቂ በእኔ ልምድ ቀድማ ትፈለጋለች።

መጠይቁን መጀመሪያ እህትሽ ላይ በስልክ ሞክሪው፤ መልሷን ግን ከጥናቱ ውጭ አድርጊው። ከአርባ ደቂቃ ካለፈ ጥያቄ ቀንሺ።