ለትንሽ አኳሪየም የትኛው ዓሣ፣ የትኛው ተክል? ጥያቄና መልስ

ቤት ውስጥ ዓሣ ማርባት ከጀመርኩ አሥራ አንድ ዓመት ሆነኝ። የመጀመሪያዎቹ ስድስት ዓሦች በዘጠኝ ቀን አለቁብኝ። ዛሬም ይቆጨኛል። ያኔ የሚነግረኝ ሰው አላገኘሁም እንጂ ነገሩ ቀላል ነበር፦ ዓሣ ከመምረጣችሁ በፊት ውሃችሁንና የቤታችሁን ብርድ እወቁ። ከላካችኋቸው ጥያቄዎች ደጋግመው የመጡትን ልመልስ።

ጥያቄ፦ 40 ሊትር የሚይዝ አኳሪየም ገዛሁ። ሻጩ ሃያ ዓሣ ይችላል አለኝ። እውነት ነው? (ከገርጂ)

አይችልም፣ እህቴ። ጋፒ ከሚባለው ትንሽ ዓሣ ስድስት ወንድ ይበቃዋል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል 2,400 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ ነው ያለችው። አየሩ ስስ ነው። የውሃው ሙቀት እኩል ከሆነ፣ እዚህ ውሃ ውስጥ የሚሟሟው ኦክስጅን ባሕር ዳርቻ ካለ ከተማ በሩብ ያህል ያንሳል። ኢንተርኔት ላይ የምታነቢው የዓሣ ቁጥር አብዛኛው የተጻፈው ቆላ ላይ ለሚኖር ሰው ነው። ስለዚህ ቁጥሩን ቀንሺ። ውሃው ውስጥ አየር የሚነፋ ኤር ፓምፕም ይኑርሽ። የውሃው ገጽ ሁልጊዜ ሲርገበገብ ማየት አለብሽ።

ጥያቄ፦ ውሃው ጥርት ያለ ነው፣ ዓሦቹ ግን በሳምንት ውስጥ ሞቱ። ምን አጠፋሁ? (ከአዳማ)

የእኔም ታሪክ ይሄው ነው፣ አይዞህ። የዓሣ ኩስና የተረፈ ምግብ ውሃ ውስጥ አሞኒያ ይሆናል። አሞኒያ በዓይን አይታይም፣ የዓሣውን መተንፈሻ ግን ያቃጥለዋል። የውሃ ማጣሪያው (ፊልተሩ) ስፖንጅ ላይ ቀስ እያሉ የሚራቡ ባክቴሪያዎች አሞኒያውን ወደ ናይትራይት ይለውጡታል። ናይትራይትም መርዝ ነው። ሌሎች ባክቴሪያዎች ደግሞ እሱን ወደ ናይትሬት ይቀይሩታል፤ ይሄኛው በጣም ካልበዛ አይጎዳም፣ ተክሎችም ይመገቡታል።

እነዚህ ባክቴሪያዎች እስኪደራጁ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃል። አዲስ አኳሪየም ውስጥ የሉም። ስለዚህ ፊልተሩን አስነሳ፣ ተክሎቹን አስገባ፣ በየሁለት ቀኑ ቁንጥር የዓሣ ምግብ ጣልበትና ጠብቅ። ዓሣ የሚያረባ ጓደኛ ካለህ ከፊልተሩ ስፖንጅ ቆርጦ ይስጥህ፤ ጊዜውን በጣም ያሳጥርልሃል። መለኪያ ካገኘህ፣ አሞኒያውም ናይትራይቱም ዜሮ ሲሆኑ ዓሣውን ማስገባት ትችላለህ። አንድ ነገር አደራ፦ ስፖንጁን በቧንቧ ውሃ እንዳታጥበው። ክሎሪኑ ባክቴሪያውን ይፈጅብሃል። ከአኳሪየሙ በቀዳኸው ውሃ ጨመቅ አድርገው።

ጥያቄ፦ የውሃ ማሞቂያ (ሂተር) የለኝም። ክረምት ላይ ቤቱ ይበርዳል። ምን ዓይነት ዓሣ ይሻለኛል?

መጀመሪያ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ውሃውን በቴርሞሜትር ለካ። 18 ዲግሪ ካነበብክ ቤታ የሚባለውን ዓሣ አትግዛ። ቤታ ከ24 በታች ሲሆን ይፈዛል፣ ምግብ ይተዋል። ጋፒም ከ22 በላይ ቢሆንለት ይወዳል። ለብርድ የሚሆነው፣ ካገኘኸው፣ ኋይት ክላውድ የሚባለው ትንሽ ዓሣ ነው። ከደቡብ ቻይና ተራራማ ወንዞች የመጣ ነው፤ ከ16 እስከ 22 ዲግሪ ይስማማዋል፣ ርዝመቱም 4 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ብቻውን ይፈራል። ስምንት አድርገህ ግዛ።

ጎልድ ፊሽ ብርድ ይችላል ብለው ይሸጡልሃል። ብርዱን እውነትም ይችላል። ግን ከ20 ሴንቲ ሜትር በላይ ያድጋል፣ ኩሱም ብዙ ነው። 40 ሊትር ለእሱ እስር ቤት ነው።

ጥያቄ፦ ተክል በገዛሁ ቁጥር ይበሰብስብኛል። (ከሲኤምሲ)

ይሄን ጥያቄ በጣም ነው የምወደው። ምናልባት አኑቢያስ ወይም ጃቫ ፈርን ገዝተሽ አሸዋ ውስጥ ቀብረሽው ይሆናል። ሁለቱም አግድም የሚሄድ ወፍራም ግንድ አላቸው። ያ ግንድ ከተቀበረ ይበሰብሳል። ድንጋይ ላይ ነው የሚታሰሩት።

እኔ ለመንገድ የሚነጠፈውን ሬድ አሽ ነው የምጠቀመው። ቀዳዳ በቀዳዳ ስለሆነ ሥሩ ቆንጥጦ ይይዘዋል፣ ባክቴሪያም ይሰፍርበታል። ጡጫ የሚያህል፣ ጠርዙ የማይቆርጥ ምረጪ፤ የሾለ ከሆነ የጋፒ ጭራ ይቀድዳል። ደጋግመሽ እጠቢው። የመጀመሪያው ባልዲ ቀይ ጭቃ ይመስላል፣ ሦስተኛው አራተኛው ላይ ይጠራል። ከዚያ ግንዱን ድንጋዩ ላይ አጋድመሽ በጥቁር የልብስ ክር ሁለት ሦስት ዙር እሰሪው። ሳታጠብቂ። በሁለት ወር ሥሩ ድንጋዩን ያቅፈዋል፣ ክሩን ትቆርጪዋለሽ።

ሌላ ድንጋይ ካማረሽ አቼቶ ጠብ አድርጊበት። አረፋ ካወጣ ኖራ አለበት፤ ውሃውን ይለውጠዋልና ተዪው።

መብራቱ በቀን በድምሩ ከ6 እስከ 8 ሰዓት ያህል ይብራ። ፀሐይ የሚመታው መስኮት ሥር ካስቀመጥሽው መስታወቱ በአልጌ አረንጓዴ ይሆንብሻል።

ጥያቄ፦ አቃቂ ነኝ። ማንቆርቆሪያዬ ውስጥ ነጭ ነገር ይጋገራል። ይህ ውሃ ለዓሣ ይሆናል?

ይሆናል። የለገዳዲና የገፈርሳ ውሃ የግድብ ነው፤ የአቃቂው ግን ከጉድጓድ ስለሚወጣ ማዕድን ይበዛበታል። ጋፒ እንዲህ ያለውን ውሃ ይወደዋል። ኒዮን ቴትራ የሚባለውን ዓሣ ግን እርሳው፣ የለመደው የአማዞንን ለስላሳ ውሃ ነው። ውሃ ከሮቶ የምትቀዳ ከሆነም ሮቶው በበረኪና በታጠበ ሰሞን አትቅዳ።

ጥያቄ፦ ዋሽንግተን ዲሲ ነው የምኖረው። ውሃውን አንድ ቀን ባልዲ ውስጥ ባሳድረው ክሎሪኑ አይወጣም?

አዲስ አበባ ላሉት ዘመዶችህ ይሠራል፣ ለአንተ አይሠራም። የዲሲ ቧንቧ ውሃ ዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ የሚታከመው በክሎራሚን፣ ማለትም ከአሞኒያ ጋር በተጣመረ ክሎሪን ነው። ክሎራሚን በማሳደር አይጠፋም። ከዓሣ መሸጫ የውሃ ማከሚያ ጠብታ ግዛ። በየሳምንቱ ሩቡን ውሃ ስትቀይር ለአዲሱ ውሃ መጨመር አትርሳ።

ጥያቄ፦ መብራት ሲጠፋ ምን ላድርግ?

ምግብ አትስጪ። በየግማሽ ሰዓቱ በኩባያ እየቀዳሽ ከከፍታ መልሰሽ አፍስሺው፤ አየር ይገባዋል። መብራቱ ብዙ ሰዓት ከቆየ ፊልተሩን ከማስነሳትሽ በፊት ስፖንጁን ከአኳሪየሙ በቀዳሽው ውሃ አለቅልቂው።

ጥያቄ፦ ባሕር ዳር ነኝ። የቆሮሶ ጫጩት ከጣና ባመጣስ?

አታምጣ። ቆሮሶ ከግማሽ ሜትር በላይ የሚደርስ ዓሣ ነው፤ አሸዋውን እየቆፈረ ተክሉን ይነቅልብሃል።

ጥያቄ፦ ጋፒዎቼ ተራብተው ሞልተዋል። ወንዝ ውስጥ ልልቀቃቸው?

እባክሽ፣ በፍጹም። አንዷ እናት በወር አንዴ እየወለደች ነው እዚህ የደረሱት፤ ለወደፊቱ ወንድ ብቻ ያዢ። የበዙትን ለሚያረባ ሰው ስጪ። የተቆረጠውን ተክልም ቱቦ ውስጥ አትጣዪው። እምቦጭ ከደቡብ አሜሪካ በአበባው ውበት ተወዶ ነው በዓለም የተሠራጨው። በ1965 እንደ ፈረንጆቹ ቆቃ ላይ ታየ፣ በ2011 ጣና ላይ። ገበሬው ዛሬም በእጁ ይነቅለዋል። የአኳሪየም ትርፍራፊ ፀሐይ ላይ አድርቂውና ለአበባ መደብሽ ማዳበሪያ አድርጊው። የእኔ ጽጌረዳ በሱ ነው የሚያድገው።