ራሴን ሂፕኖታይዝ አድርጌ ሲጋራ ማቆም እችላለሁ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የ32 ዓመት ወንድ ነኝ። ማጨስ ከጀመርኩ አስር ዓመት አልፎኛል፣ ለማቆም ደጋግሜ ሞክሬ አልሆነልኝም። ሰሞኑን ዩቲዩብ ላይ ራስን በራስ ሂፕኖታይዝ በማድረግ ማንኛውንም ሱስ መተው ይቻላል የሚሉ ቪዲዮዎች እያየሁ ነው። ባለቤቴ «ይሄ ነገር መንፈስ አለበት፣ ተው» ትለኛለች። እኔ ደግሞ በዚያው ሳልነቃ ብቀርስ ብዬ ፈራሁ። እውነት ይሠራል? በነገራችን ላይ ሳል ከያዘኝ ወር ሆኖኛል፣ ከሲጋራው ይመስለኛል።

መልስ፦ ጤና ይስጥልኝ። ከፍርሃቱ ልጀምር። ሂፕኖሲስ እንቅልፍ አይደለም። ሐሳብ አንድ ነገር ላይ ሰብሰብ ብሎ ሰውነት ዘና ሲል የሚመጣ ሁኔታ ነው። ስልክ ቢጮህ ይሰማሉ፣ ልጅ ቢያለቅስ ተነስተው ይሄዳሉ። ደክሞዎት ቢያሸልቡ እንኳ የተለመደው እንቅልፍ ነው፣ ሲበቃዎት ይነቃሉ።

ባለቤትዎ የሰጉትም አዲስ ነገር አይደለም። በ18ኛው መቶ ዘመን፣ የዛሬው ሂፕኖሲስ መነሻ የሆነውን ሕክምና የጀመረው ፍራንዝ ሜስመር የሚባል ሐኪም ፓሪስ ውስጥ «ስውር ኃይል አለ፣ በእሱ አድናለሁ» እያለ ብዙ ሰው ያክም ነበር። በ1784 እ.ኤ.አ. የፈረንሳይ ንጉሥ ያቋቋመው አጣሪ ቡድን፣ አሜሪካዊው ሳይንቲስት ቤንጃሚን ፍራንክሊንም ያለበት፣ ነገሩን ፈትኖ ምንም ስውር ኃይል አላገኘም። በሽተኞቹ ላይ የታየውን ለውጥ ያመጣው የገዛ ምናባቸው ነው አለ። ዛሬ የምንጠቀመው ያንኑ ምናብ ነው፣ ግን አውቀንና አቅደን።

ሲጋራ አብዛኛውን ጊዜ የሚለኮሰው ታስቦ አይደለም። ቡና ሲቀርብ፣ ምሳ ሲያበቃ፣ ጓደኛ ፓኮውን ሲዘረጋ እጅ ራሱ ይሄዳል። ራስን ሂፕኖታይዝ ማድረግ የሚረዳው ይህችን ቅጽበት አስቀድመው እንዲለማመዷት ነው። ጸጥ ያለ ቦታ ይቀመጡ፣ ትንፋሽዎን ቀስ ያድርጉ፣ ከ20 ወደ ኋላ ይቁጠሩ። ከዚያ ያንን የሚያስቸግርዎትን ሰዓት በዓይነ ሕሊናዎ ያምጡት። ቡናው ይሸታል፣ ጓደኛዎ ሲጋራ ይሰጥዎታል፣ እርስዎ «አቁሜያለሁ» ብለው ውሃ ያነሳሉ። ለራስዎ የሚሉት አጭር ይሁን፣ የሚያደርጉትን ነገር የሚናገር ይሁን። «አላጨስም፣ አላጨስም» ሲሉ ሐሳብዎ ያው ሲጋራው ላይ ይቀራል፣ «ፓኮ ሲዘረጋልኝ ውሃ እጠጣለሁ» ይሻላል። ሲጨርሱ ወደ ላይ ቆጥረው ዓይንዎን ይግለጡ። በየቀኑ 10 ወይም 15 ደቂቃ ይበቃል። መኪና እየነዱ ግን በፍጹም፣ የዩቲዩቡን ቪዲዮ ድምፅ መስማትም ቢሆን።

«ማንኛውንም ሱስ» የሚለው ላይ ግን አልስማማም፣ እንደዚያ ብሎ ተስፋ መሸጥም ያናድደኛል። ሂፕኖሲስ ጥሩ ማስረጃ ያለው ለሌሎች ነገሮች ነው። ለምሳሌ በተለምዶ የአንጀት ቁጣ ለሚባለው፣ ሆድ እየነፋ ድርቀትና ተቅማጥ ለሚያፈራርቀው ሕመም፣ መድኃኒት ለዓመት ተወስዶ ካልረዳ የእንግሊዝ የሕክምና መመሪያ እንደ አማራጭ ያስቀምጠዋል። በሲጋራ ላይ የተሠሩ ጥናቶች ተሰብስበው ሲታዩ ግን ከሌላው የምክር ድጋፍ እንደሚበልጥ የሚያሳይ በቂ ማስረጃ አልተገኘም። ሰውም ይለያያል፣ አንዱ ቶሎ ይመሰጣል፣ ሌላው ምንም አይመጣለትም። ይህ የፈቃድ ድክመት አይደለም።

ስለዚህ ይሞክሩት፣ ግን በእሱ ብቻ አይመኩ። ሲጋራ ሲያቆሙ የሚመጣው መነጫነጭና ጉጉት የሚብሰው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ነው፣ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ እየቀለለ ይሄዳል። እያንዳንዱ የ«አሁኑኑ ላጭስ» ስሜት ደግሞ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ያልፋል። የተለማመዱት ነገር የሚጠቅምዎት እነዚያን ደቂቃዎች ለመሻገር ነው። ጉጉቱን የሚቀንሱ መድኃኒቶችም አሉ፣ ሐኪም ያማክሩ። ድምፅ የመስማት ወይም ከእውነታ የመራቅ ችግር፣ ወይም ገና ያልሻረ ከባድ የስሜት ጉዳት ያለበት ሰው ግን ይህን ብቻውን ባይሞክር እመክራለሁ።

አሁን «በነገራችን ላይ» ብለው ያለፉት ሳል። ለእኔ ከጥያቄዎ ሁሉ ትልቁ እሱ ነው። ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የቆየ ሳል እኛ አገር ቲቢ አለመሆኑ መታየት አለበት፣ አጫሽ ቢሆኑም ባይሆኑም። በተለይ ማታ የሚያልብዎት፣ ክብደት የቀነሱ ወይም አክታዎ ደም የቀላቀለ ከሆነ አንድ ቀን አያሳድሩት። በመንግሥት ጤና ጣቢያ የቲቢ ምርመራውም መድኃኒቱም በነፃ ነው። በዚህ ሳምንት ሄደው አክታዎን ያስመርምሩ።