ካምቢዮውን ለማውረድ አይቸኩሉ

አውቶማቲክ መኪናዎ ከሁለተኛ ወደ ሦስተኛ ማርሽ ሲያልፍ ሞተሩ ይጮሃል፣ ከዚያ ገጭ ብሎ ይገባል፤ ካምቢዮው ይውረድ ወይ ብለዋል። እኔ ብሆን ገና አላስነካውም። መጀመሪያ የካምቢዮውን ዘይት ይለኩ። መኪናው ደልዳላ ቦታ ይቁም፣ ሞተሩ ሞቆ ይሥራ (አንዳንድ አምራቾች ጠፍቶ ይለካ ስለሚሉ መመሪያውን ይመልከቱ)። የመለኪያውን ዘንግ በነጭ ጨርቅ ጠርገው ያሽቱት። ዘይቱ ከጎደለ ይህንኑ ጠባይ ያመጣል። ጠቁሮ ቃጠሎ ቃጠሎ ከሸተተ ውስጡ ያሉት ፍሪሲዮኖች (ማርሹን የሚይዙት ሰሌዳዎች) ሳይበሉ አልቀሩም። ወተት የተቀላቀለበት ሮዝ ከመሰለ ግን ውሃ ገብቶበታል፤ ጨርሶ አይንዱት።

ዘይቱ ደህና ከሆነ፣ በአሮጌ መኪና ቀድሜ የምጠረጥረው ከስሮትሉ (ወደ ሞተሩ የሚገባውን አየር ከሚቆጣጠረው ክፍል) ወደ ካምቢዮው የሚሄደውን ኬብል ነው። ከላላ ግፊቱ ይወርድና ማርሹ ይንሸራተታል። ማስተካከሉ የደቂቃዎች ሥራ ነው። በኬብሉ ፈንታ ከሞተሩ ወደ ካምቢዮው የሚሄድ የቫኪዩም (የአየር መሳቢያ) ቱቦ ካለው፣ ስንጥቅ ይፈልጉበት።