ካርዴን ብቀይር ከመጽሔቱ ክፍያ እገላገላለሁ?

ጥያቄ፦ የምኖረው አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ነው። አምና ለልጄ አንድ መጽሔት በ12 ዶላር ለአንድ ዓመት አስመጣሁላት። ዘንድሮ ማንም ሳይጠይቀኝ 49 ዶላር ከካርዴ ተቆረጠ። ካርዱን አዘግቼ አዲስ ባወጣ ይበቃኛል?

መልስ፦ አይበቃም። ቪዛም ሆነ ማስተርካርድ የተለወጠ የካርድ ቁጥርን ለሻጮች የሚያሳውቁበት አገልግሎት አላቸው። ባንክዎ በዚህ ከተሳተፈ አሳታሚው አዲሱን ቁጥር እርስዎን ሳይጠይቅ ያገኘዋል። ባያገኘውም ደንበኝነቱ ስላልተሰረዘ «ያልተከፈለ ሒሳብ አለብዎ» የሚል ደብዳቤ ሊልክብዎ ይችላል።

በቅድሚያ ስቴትመንቱ (የካርድዎ ወርሃዊ የሒሳብ ዝርዝር) ላይ ገንዘቡን የወሰደው ማን እንደሆነ ያጣሩ። ብዙ ጊዜ አሳታሚው ሳይሆን ደንበኝነቱን የሸጠው ወኪል ነው፤ መሰረዝ ያለብዎትም እዚያው ነው። በአይፎን ወይም በጉግል ፕሌይ ከገዙት ደግሞ የሚሰረዘው በስልኩ የደንበኝነት ዝርዝር ውስጥ ነው። አፑን ማጥፋት ክፍያውን አያቆምም።

ሲሰርዙ ሁለት ነገር ለየብቻ ይጠይቁ፦ እድሳቱ (ደንበኝነቱ በየዓመቱ በራሱ መታደሱ) እንዲቆምና የተቆረጠው ገንዘብ እንዲመለስ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። እድሳቱን ብቻ ካጠፉ የሚቆመው የከርሞው ክፍያ ነው፤ የዘንድሮው 49 ዶላር እዚያው ይቀራል። የደንበኛ ቁጥርዎን በመጽሔቱ ሽፋን ላይ፣ አድራሻዎ ከታተመበት ቦታ ያገኙታል። በስልክ ቢጨርሱም የማረጋገጫ ኢሜይል እንዲልኩልዎ ይጠይቁ፤ በኋላ የሚከራከሩት በእሱ ነው።

እምቢ ካሉዎት መንገዱ እንደ ካርዱ ዓይነት ይለያያል። በክሬዲት ካርድ ከሆነ የ1974ቱ የክሬዲት ሒሳብ ሕግ (Fair Credit Billing Act) ይረዳዎታል። ክፍያው የታየበት ስቴትመንት ከተላከ በ60 ቀን ውስጥ፣ ያልፈቀዱት ክፍያ መሆኑን ገልጸው ለካርዱ ባንክ ደብዳቤ ይጻፉ። የሚላከው ክፍያ ወደሚቀበሉበት ሳይሆን ለሒሳብ ጥያቄ ወደተመደበው አድራሻ ነው፤ ሁለቱ ይለያያሉ። ባንኩ ደብዳቤው መድረሱን በ30 ቀን ውስጥ ማሳወቅ፣ ጉዳዩንም ቢበዛ በ90 ቀን መቋጨት አለበት። እስከዚያ የተከራከሩበትን ገንዘብ የመክፈል ግዴታ የለብዎትም።

ዴቢት ካርድ ግን ይከብዳል፤ ገንዘቡ ከሒሳብዎ ወጥቷልና የሚከራከሩት ባዶ እጅዎን ነው። ላልፈቀዱት ክፍያ እዚህም 60 ቀን አለዎት። ቀጣዩን ለማስቆም ከክፍያው ቀን ቢያንስ 3 የሥራ ቀን አስቀድመው ለባንኩ ይንገሩ። በቃል ከተናገሩ ባንኩ በ14 ቀን ውስጥ በጽሑፍ እንዲያረጋግጡ ሊጠይቅ ይችላል፤ ካላረጋገጡ ትእዛዙ ሊቀር ይችላል። ለእንዲህ ያለ ነገር ዴቢት ካርድ ባይሰጡ እንመክራለን።

የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን በ2024 ያወጣውን፣ መሰረዝ እንደ መመዝገብ ቀላል ይሁን የሚለውን ደንብ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በሐምሌ 2025 ሽሮታል። በእሱ አይከራከሩ። የ2010ሩ የኢንተርኔት ሸማቾች ሕግ (Restore Online Shoppers' Confidence Act) ግን እንደጸና ነው፤ በኢንተርኔት የሚሸጥ ሰው ስለ እድሳቱ በግልጽ እንዲናገር፣ ሳያስፈቅድ እንዳያስከፍልና ቀላል የመሰረዣ መንገድ እንዲያዘጋጅ ያስገድዳል። በኢንተርኔት ከተመዘገቡ ይህንን በደብዳቤዎ ይጥቀሱ፤ ገንዘቡን ካልመለሱልዎም ለግዛትዎ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ አቤት ይበሉ።

ከሰረዙ በኋላ አንድ ሁለት እትም ቢመጣ አይደንግጡ። የአድራሻ ዝርዝሩ የሚዘጋጀው ከሳምንታት በፊት ስለሆነ ነው።