ጥያቄና መልስ፦ በድሬዳዋና በሐረር የውጭ ቋንቋ መምህር ሆኖ መቀጠር

የከዚራ መምህር፦ ሰላም ለሁላችሁ። ክረምት እየገባ ነው፣ የግል ትምህርት ቤቶችም ማስታወቂያ መለጠፍ ጀምረዋል። ፈረንሳይኛና እንግሊዝኛ አስተምሬያለሁ፣ መምህራን ሲቀጠሩም ኮሚቴ ውስጥ ተቀምጫለሁ። ጠይቁኝ። ከሁሉ በፊት ግን ኦሪጅናል ዲግሪያችሁን የትም ጥላችሁ አትውጡ። አሳዩ፣ ኮፒውን ስጡ፣ ኦሪጅናሉን ይዛችሁ ተመለሱ።

ሣቢያን፦ አቦ መምህር፣ ሥራ እንዴት ነው የሚገኘው?

የከዚራ መምህር፦ የትኛው ቋንቋ? ስንተኛ ክፍል? የግል ነው የመንግሥት? ጥያቄህን አስተካክለህ ተመለስ።

የጀጎሏ፦ እንደምን አሉ መምህር? በፈረንሳይኛ ዲግሪ አለኝ። ድሬ ያለ አንድ የግል ትምህርት ቤት ለዴሞ፣ ማለት በኮሚቴ ፊት ለሙከራ እንዳስተምር፣ ጠርቶኛል። 5ኛ ክፍል ነው፣ ሃያ ደቂቃ ሰጥተውኛል። ምን ላዘጋጅ?

የከዚራ መምህር፦ ይህን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር። ብዙ ጎበዝ ልጅ ሥራውን የሚያጣው ዴሞ ላይ ነው። ይገባና ቦርዱን በግስ እርባታ ይሞላዋል፣ ልጆቹ ዝም ብለው ይገለብጣሉ። ኮሚቴው ውስጥ ያሉት ርዕሰ መምህርና ዩኒት ሊደር ፈረንሳይኛ ላይችሉ ይችላሉ። ሰዋስውሽን የሚመዝንልሽ የለም። የሚያዩት ልጆቹን ነው፣ አፋቸውን ከፈቱ ወይስ አልከፈቱም?

ስለዚህ ጠዋት ቀፊራ ገበያ ሂጂ። ሎሚ፣ ሙዝና ቲማቲም ግዢ፣ በዘንቢል ይዘሽ ክፍል ግቢ። ሎሚውን ከፍ አድርገሽ «ሴ ኮምቢየን?» (ስንት ነው?) ብለሽ ጠይቂ። ራስሽ «ዲ ቢር» (አሥር ብር) ብለሽ መልሺ። ሙዙን አንሺ፣ እንደገና ጠይቂ። ሦስተኛው ላይ ከልጆቹ አንዱ ቀድሞሽ ይመልሳል። ያኔ ዘንቢሉን ለአንዷ ልጅ ስጪና ሻጭ አድርጊያት፤ ከኋላ ወንበር የተደበቀውን ገዢ አድርጊው። ጓደኞቹ ይስቃሉ፣ ይሳቁ፣ እየሳቁ ይናገራሉ። ከሃያው ደቂቃ አሥራ አምስቱ የልጆቹ ይሁን። ቦርድ ላይ የምትጽፊው መጨረሻ ላይ ነው፣ እሱም ሦስት መስመር ይበቃል። ሌሰን ፕላኑን ለኮሚቴው አባላት አባዝተሽ ስጪ። ደግሞም ኦሪጅናል ዲግሪሽን እዚያ ትተሽ እንዳትወጪ።

ደቻቱ፦ በአማርኛ ሳይተረጎምለት ልጁ እንዴት ይገባዋል?

የከዚራ መምህር፦ ያለኸው ድሬ ነው። አንድ ክፍል ውስጥ ቤቱ ኦሮምኛ፣ ሶማልኛ፣ አማርኛ፣ ሐረሪ የሚናገር ልጅ አብሮ ተቀምጧል። ሁሉን በአማርኛ ስትተረጉም ለከፊሉ ክፍል ሌላ ሸክም ነው የጨመርክበት። ሎሚው ግን ለሁሉም ሎሚ ነው።

ገንደ ቆሬ፦ መምህር፣ በዚህ እንኳ አልስማማም። ሃምሳ ልጅ የታጨቀበት ክፍል ውስጥ ሁሉን በምልክትና በዕቃ ላስረዳ ብትል ፔሬዱ ያልቅብሃል። እኔ እንግሊዝኛ ሳስተምር አንዷን ቃል በአማርኛ፣ ሲያስፈልግ በኦሮምኛ እላታለሁ፣ ሥራው ይቀጥላል።

ደቻቱ፦ እኔም ያልኩት እሱን ነው።

የከዚራ መምህር፦ አንዲት ቃል ጣል አድርጎ ማለፍና ፔሬዱን ሙሉ በአማርኛ ማስተማር ይለያያሉ። የምቃወመው ሁለተኛውን ነው። ዴሞ ላይ ግን አንዲቷንም ቃል ባትጠቀሙ እመርጣለሁ። ቋንቋውን መናገር እንደምትችሉ የምታሳዩበት ሌላ ጊዜ የላችሁም።

ለገሃሬ፦ አቦ፣ ፈረንሳይኛ እኮ አርጅቷል። ባቡሩንም ቻይና ሠርቶታል። ቻይንኛ መማር አይሻልም?

ደቻቱ፦ አያቴ ምድር ባቡር ሠርተው ነው ቤተሰብ ያሳደጉት። ፈረንሳይኛቸው እስከ መጨረሻው አልጠፋም። አርጅቷል አትበል።

ለገሃሬ፦ የአያትህ ፈረንሳይኛ ዛሬ እንጀራ ይሆነኛል ወይ ነው ጥያቄው።

የከዚራ መምህር፦ ጥያቄው ተገቢ ነው። አሮጌው ባቡር ድሬ የገባው እንደ ፈረንጆች በ1902 ነው። ከተማዋ የተቆረቆረችው በእሱ ነው፣ ፈረንሳይኛም አብሮት ገባ። አዲሱን መስመር የቻይና ኩባንያዎች ሠሩት። የመስመሩ ሌላ ጫፍ ግን ዛሬም ጅቡቲ ነው፣ እዚያ ፈረንሳይኛና ዓረብኛ ናቸው የመንግሥት ቋንቋዎች። ከወደቡ ጋር የሚሠራ ወላጅ ልጁ ፈረንሳይኛ ቢማርለት ይወዳል። ቻይንኛ የሚችል ሰው ደግሞ መጀመሪያ የሚፈለገው ለአስተርጓሚነት ነው፤ ፋብሪካና ግንባታ ላይ ሞክር። የማስተማር ፍቅር ከሌለህ እሱ ይሻልሃል።

ገንደ ቆሬ፦ ስለ ባቡሩ ካነሳን፣ አዲሱ ጣቢያ ከከተማ የራቀው…

የከዚራ መምህር፦ ስለ ጣቢያው ሌላ ቀን። ወደ ቅጥር ተመለሱ።

ሐመሬሳ፦ ጅቡቲ ሄጄ ፈረንሳይኛ ባስተምርስ?

የከዚራ መምህር፦ እዚያ ልጆቹ ሂሳብም የሚማሩት በፈረንሳይኛ ነው። ፈረንሳይኛህ ከእነሱ መምህራን እኩል ካልሆነ አይመከርም። የሥራ ፈቃድም ያስፈልግሃል።

መጋላ፦ የፈረንሳይኛ ዲግሪ የለኝም፣ አሊያንስ ፍራንሴዝ፣ የፈረንሳይኛ ቋንቋ ማስተማሪያው ተቋም፣ ነው የተማርኩት። ይቀጥሩኛል?

የከዚራ መምህር፦ ኮርስ መጨረስህን የሚገልጽ ወረቀት ብቻውን ደካማ ነው። ዴልፍ የሚባለውን ዓለም አቀፍ የፈረንሳይኛ ፈተና ተፈተን፣ ቢ2 የሚባለውን ደረጃ ብታገኝ ጥሩ ነው። ማዳመጥ፣ ማንበብ፣ መጻፍና መናገር አለው፣ እያንዳንዱ ከ25። በድምሩ 50 ካመጣህ ታልፋለህ፣ ግን በአንዱም ክፍል ከ5 በታች ካገኘህ ትወድቃለህ። ብዙዎቹ መናገሩን ተለማምደው መጻፉን ይረሱታል፣ አንተ አትርሳው። ዲፕሎማው ጊዜው አያልፍበትም። በእሱ ለክበብ፣ ለፓርት ታይም፣ ለቤት ለቤት ማስጠናት ትጠየቃለህ። ለቋሚ ቅጥር ግን አብዛኛው ቦታ ዲግሪ ይፈልጋል።

አፈተ ኢሳ፦ ዓረብኛስ?

የከዚራ መምህር፦ መስኬ አይደለም። ሐረርም ድሬም ዓረብኛ የሚሰጡ መድረሳዎችና የግል ትምህርት ቤቶች አሉ። በአካል ሂድና ጠይቅ።

ሣቢያን፦ መምህር፣ እንግሊዝኛ፣ የመንግሥት፣ 9ኛ ክፍል። ዲግሪዬ አፕላይድ ነው፣ የመምህርነት ሥልጠና የለውም።

የከዚራ መምህር፦ አሁን ጥያቄ ሆነ። ፒጂዲቲ፣ ማለት ከዲግሪ በኋላ የሚወሰደውን የመምህርነት ዲፕሎማ፣ መውሰድህን አይቀርም ይጠይቁሃል። ማስታወቂያውን ከትምህርት ቢሮው ሰሌዳ ተከታተል። የመንግሥት ትምህርት ቤት ውስጥ ሰፊው በር የእንግሊዝኛ ነው፣ ፈረንሳይኛ ይዛችሁ እዚያ ብዙ አትጠብቁ።

ቀፊራ በር፦ ደመወዙ ስንት ነው?

የከዚራ መምህር፦ ከትምህርት ቤት ትምህርት ቤት ይለያያል፣ ቁጥር አልጠራም። አንተ ግን ከመፈረምህ በፊት ይህን ጠይቅ። በሳምንት ስንት ፔሬድ ነው? ክፍያው የ10 ወር ነው የ12? ሐምሌና ነሐሴ የማይከፍል ትምህርት ቤት አለ፣ ብዙ ሰው ይህን የሚያውቀው ሰኔ ላይ ነው። ጡረታስ ይቆረጣል? ካንተ 7፣ ከአሠሪው 11 በመቶ ነው።

ገንደ ገራዳ፦ ወንድሜን አንድ ትምህርት ቤት «ሙከራ ላይ ነህ» እያለ ያለ ውል ሴሚስተሩን ሙሉ አሠራው። ሊወጣ ሲል ዲግሪውን አልመልስም አሉት።

የከዚራ መምህር፦ ይኸው! ስንቴ ልበል? ኦሪጅናል አይሰጥም። አሁን በጽሑፍ ይጠይቃቸው፣ ደብዳቤውን በኮፒው ላይ ያስፈርም። እምቢ ካሉ ያንን ይዞ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ ወደሚያየው ቢሮ ይሂድ። በአዋጅ 1156/2011 የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም፣ እሱም በጽሑፍ መሆን አለበት። ሴሚስተር ሙሉ ሙከራ የሚባል ነገር የለም። የሥራ ልምድ ማስረጃም በነፃ ሊሰጡት ይገባል። የወጣት መምህር ድካም እንዲህ ሲበላ በጣም ያናድደኛል።

ድል ጮራ፦ መምህር፣ ሥራ እንዴት ነው የሚገኘው?

የከዚራ መምህር፦ ከላይ ጀምረህ አንብብ።

ሐመሬሳ፦ የመጨረሻ ጥያቄ። መስከረም ካለፈብኝ ዓመቱን ሙሉ ልቀመጥ ነው?

የከዚራ መምህር፦ አይደለም። ዋናው ቅጥር ሐምሌና ነሐሴ ነው። ግን ሁለተኛው ሴሚስተር ሲገባ የሚለቅ መምህር አይጠፋም፣ ወሊድ የምትወጣም አለች። ጥር ላይ ሲቪህን ይዘህ ዙር። ለጥበቃ ሰጥተህ አትመለስ፣ ርዕሰ መምህሩን ወይም ዩኒት ሊደሩን አግኝና ዴሞ ለማቅረብ ዝግጁ ነኝ በል። ኮፒ ነው የምትሰጠው፣ ኮፒ።