ወባ ለታመመ ልጅ የዐይን ምርመራ ለምን?

ጥያቄ፦ ባለፈው ጥቅምት የአራት ዓመት የእኅቴ ልጅ ሲያተኩሰው ሰንብቶ፣ ዐይኑን ገልብጦ ተንዘፈዘፈና ራሱን ሳተ። ሆስፒታል ስናደርሰው ወባው ጭንቅላቱ ላይ ወጥቷል ተባልን። መድኃኒት ከተጀመረለት በኋላ ሐኪሙ በዐይኑ ጠብታ ጨምሮ ውስጡን በመብራት ሲያይ ቆየና «ደም ፈሷል» አለን። ልጁ ድኗል፤ እናቱ ግን የዐይኑ ብርሃን እንዳይጠፋ ትሰጋለች። የዐይኑ መገለባበጥና ውስጥ የታየው ደም አንድ ናቸው ወይ? የበሽታውን ክብደትስ ያሳያሉ?
(ከሸዋ ሮቢት)

መልስ፦ እንኳን እግዚአብሔር ማረላችሁ። ሁለቱ ምልክቶች የተለያዩ ናቸው። የዐይን መገለባበጥ የመንዘፍዘፉ አካል ሲሆን፣ በማንኛውም ምክንያት በሚመጣ መንዘፍዘፍ ላይ ይታያል። ሆኖም እጅና እግሩ ጸጥ ካለ በኋላ ዐይኑ ወደ አንድ ጎን ተስቦ ከቀረ ወይም የከንፈሩ ጥግ ብቻ የሚርገበገብ ከሆነ፣ መንዘፍዘፉ ላይቆም ስለሚችል አስታማሚ ወዲያው ለነርሷ መንገር አለበት።

ሐኪሙ ያየው ሬቲና የተባለውን የዐይን ውስጠኛ ሽፋን ነው። ፋልሲፓረም በተባለው የወባ ተውሳክ የተያዙ ቀይ የደም ሕዋሳት በቀጫጭን የደም ሥሮች ግድግዳ ላይ እየተጣበቁ የደሙን ዝውውር ያውካሉ፤ ይህ በአንጎል ውስጥ ሲሆን ልጁ ራሱን ይስታል፣ በሬቲና ላይ ሲሆን ደግሞ ሐኪም በዐይኑ ሊያየው ይችላል። የሚታየውም የሬቲናው መንጣት፣ የደም ሥሮቹ ቀለም ወደ ብርቱካንማ ወይም ወደ ነጭ መለወጥ፣ እንዲሁም ብዙውን ጊዜ መሐሉ ነጣ ያለ የደም ነጠብጣብ ነው። ጠብታው ብሌኑን የሚያሰፋ በመሆኑ፣ የተጨመረበት ሰዓት በካርዱ ላይ መጻፍ ይኖርበታል፤ አለበለዚያ ተረኛው ባለሙያ የብሌኑን መስፋት ከአንጎል ጉዳት የመጣ አድርጎ ሊወስደው ይችላል።

በወባማ አካባቢ ተውሳኩ በደሙ የተገኘ ልጅ ሁሉ ራሱን የሳተው በወባ ምክንያት ነው ማለት አይደለም፤ የምርመራው ትልቁ ጥቅምም እዚህ ላይ ይመስለኛል። በ2004 እ.ኤ.አ. በታተመ የማላዊ ጥናት፣ በአንጎል ወባ ሞቱ ከተባሉና አስከሬናቸው ከተመረመረ 31 ሕፃናት መካከል 7ቱ የሞቱት በሌላ ምክንያት ሆኖ ተገኝቷል፤ በወባ የሞቱትን በሌላ ምክንያት ከሞቱት በሕይወት ሳሉ የለየው ምልክትም የሬቲናው ለውጥ ነበር። ስለዚህ ሬቲናው ጤናማ ሆኖ ሲገኝ፣ የወባው ሕክምና ሳይቋረጥ እንደ ማጅራት ገትር ያለ ሌላ ምክንያት በትጋት ይፈለጋል።

ክብደትን በተመለከተ፣ የደም ነጠብጣቡና ንጣቱ በበዛ መጠን በሽታው የከበደ ይሆናል፤ ከሁሉ የሚያሰጋው ግን የዐይን ነርቭ ራስ፣ ማለትም ነርቩ ከዐይኑ ጋር የሚገናኝበት ቦታ፣ ማበጥ ነው። ይህ በአንጎል ውስጥ ግፊት መጨመሩን ሊያመለክት ይችላል፤ ለሞት ከሚያደርሱት ዋና ምክንያቶች አንዱም የአንጎል እብጠት ነው። እንዲህም ሆኖ ሕክምናው የዐይን ምርመራን አይጠብቅም። በደም ሥር የሚሰጠው አርቴሱኔት የተባለው የወባ መድኃኒት ወዲያው ይጀመራል፣ የደም ስኳርም ይለካል። ከዝናቡ በኋላ ባሉት ወራት በቆላው፣ ከቀወት እስከ ኤፍራታና ግድም ያላችሁ ወላጆች፣ ያተኮሰው ልጅ ፊታችሁን በዐይኑ መከተል ካቆመ፣ መጥባት ወይም መጠጣት ካቃተው ወይም ከተንዘፈዘፈ ሌሊቱ እስኪነጋ አትጠብቁ።

ወደ እናቱ ስጋት ስንመለስ፣ ንጣቱ በሳምንታት ውስጥ ይለቃል፣ ደሙም ቀስ በቀስ ይመጠጣል፤ የማየት ችሎታንም አብዛኛውን ጊዜ አይጎዳም። አንዳንድ ልጆች ሲነቁ ማየት ቢሳናቸው ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ሬቲናው ሳይሆን አንጎላቸው ነው፤ ይህም በብዙዎቹ ላይ በወራት ውስጥ ይሻሻላል። እኔ ከዐይኑ ይልቅ የምከታተለው ሌላ ነገር ነው፦ ትኩሳት ሳይኖረው ዳግም ቢንዘፈዘፍ፣ ንግግሩ ወደ ኋላ ቢቀር ወይም ጠባዩ ቢለወጥ፣ ወራት ያለፉም ቢሆን የሕክምና ካርዱን ይዛችሁ ወደ ሕፃናት ሐኪም ውሰዱት።